ማን ተጠየቀ? ኸሽም ኤል ቂርባና የሕዝብ አስተዳደር ጥንተ መሠረት

ከገዳሪፍ ወደ ከሰላ በሚወስደው መንገድ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኘው የኸሽም ኤል ቂርባ ስም በዐረብኛ «የእርኮት አፍ» ማለት ነው። ወንዙ ውሃውን የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ደጋ ከሚወርዱት ከተከዜ፣ ከአንገረብና ከጓንግ ነው። ከተማዋ በመጻሕፍት የምትነሳው በአብዛኛው በግድቧና በመስኖ እርሻዋ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሕዝባዊ አስተዳደር አመጣጥ ለሚመራመር ሰው ኸሽም ኤል ቂርባ ሌላ ነገርም ታስተምራለች። ፈላስፎች ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የተከራከሩበት አንድ ጥያቄ በዚህች ምድር ላይ በሰው ሕይወት ተፈትኗልና። ጥያቄውም፦ አንድን ሕዝብ የሚነካ ውሳኔ ሲወሰን ያ ሕዝብ ተጠይቋልን? ተጠይቆስ ከሆነ ቃሉ ተሰምቷልን? የሚል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአቴና ሸንጎ

«ዲሞክራሲ» የሚለው ቃል ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። «ዴሞስ» ሕዝብ ሲሆን «ክራቶስ» ደግሞ ኃይል፣ ሥልጣን ማለት ነው። ቃሉን የወለደው ሥርዓት በአንድ ቀን አልተፈጠረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ሶሎን የተባለው የአቴና ሕግ አውጪ አበዳሪ ተበዳሪውን ባሪያ አድርጎ እንዳይገዛ ከለከለ። የገዛ አካሉ በዕዳ ሊያዝበት የሚችል ሰው በሸንጎ በነጻነት ሊናገር አይችልምና፣ ይህ እርምጃ ለኋላው ሥርዓት መንገድ ጠራጊ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያም በ508 ክሌስተኔስ ሕዝቡን በትውልድ ሐረግ ሳይሆን በመኖሪያ ቀበሌ ከፍሎ አሥር አዳዲስ ነገዶችን አቋቋመ። በእያንዳንዱ ነገድ ውስጥ የከተማውን፣ የባሕር ዳሩንና የመሐል አገሩን ሰው አደባለቀ። የታላላቅ ቤተሰቦች ሥልጣን በዘር ላይ የቆመ ስለነበረ፣ ክሌስተኔስ ያናጋው ይህንኑ መሠረት ነበር።

ከአሥሩ ነገዶች እያንዳንዱ ሃምሳ ሃምሳ ሰው በዕጣ እያወጣ የአምስት መቶው ምክር ቤት ይቋቋም ነበር። ምክር ቤቱ ያዘጋጀውን ጉዳይ ግን የሚወስነው መላው የዜጎች ጉባኤ ነው። በፕኒክስ ኮረብታ ላይ የሚሰበሰበው ይህ ጉባኤ በአራተኛው መቶ ዘመን በዓመት አርባ ጊዜ ያህል ይቀመጥ ነበር፤ ለአንዳንድ ከባድ ውሳኔዎችም ቢያንስ ስድስት ሺህ ሰው መገኘት ነበረበት። የጦር አዛዦች በድምፅ ይመረጣሉ፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ሹማምንት ግን የሚወጡት በዕጣ ነበር። ለዛሬ አንባቢ ይህ እንግዳ ይመስል ይሆናል። አርስጣጣሊስ ግን ምርጫ ለባለጸጎች አገዛዝ፣ ዕጣ ደግሞ ለሕዝብ አገዛዝ እንደሚስማማ ጽፏል። ምርጫ ስመ ጥሩውንና ሀብታሙን ሲመርጥ ዕጣ ማንንም አይለይምና። ዕቁብ የገባ ሁሉ የዕጣን ፍትሐዊነት ያውቀዋል፤ ባለ ሱቁም ቀን ሠራተኛውም ስሙ የሚገባው በአንድ ዕቃ ውስጥ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጉድለት ከክብሩ ጋር አብሮ መነገር ይኖርበታል። ሴቶች ከጉባኤው ውጭ ነበሩ። ባሮች ውጭ ነበሩ። «ሜቶይኮስ» የሚባሉት፣ ከሌላ ከተማ መጥተው በአቴና የሚኖሩ፣ ግብር የሚከፍሉና በጦርነት ጊዜ የሚዘምቱ መጻተኞችም ቢሆኑ ድምፅ አልነበራቸውም። ዜጋ ማለት በመግዛትና በመገዛት በየተራው የሚካፈል ሰው ነው ብሎ ያስተማረው አርስጣጣሊስ ራሱ የስታጊራ ተወላጅ ሆኖ በአቴና የኖረ መጻተኛ ነበር። ዜግነትን ለዓለም የተረጎመው ፈላስፋ ባስተማረባት ከተማ እጁን አንሥቶ ድምፅ ሊሰጥ አይችልም ነበር ማለት ነው።

ቃሉ በግዕዝና በዐረብኛ

የአቴና ሰዎች ጉባኤያቸውን «ኤክሌሲያ» ይሉት ነበር። የግዕዝ ተርጓሚዎች ሐዲስ ኪዳንን ከግሪክ ሲመልሱ ይህንኑ ቃል «ቤተ ክርስቲያን» አሉት። በእርግጥም በሐዋርያት ዘመን ቃሉ የምእመናን ማኅበር የሚል ትርጉም ይዞ ነበር። ይሁንና በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 በኤፌሶን የተነሣው ሁከት ሲተረክ፣ የከተማው ጸሐፊ ጉዳዩ በሕጋዊው ጉባኤ ይታያል ሲል የሚናገርበት ቃል አሁንም ያው የቀድሞው «ኤክሌሲያ» ነው። ስለዚህ ስሙ ወደ ቋንቋችን የገባው ሸንጎነቱን ትቶ ቅድስናውን ብቻ ይዞ ነው ማለት ይቻላል።

በዐረብኛም ታሪኩ ይመሳሰላል። የአርስጣጣሊስ አብዛኞቹ መጻሕፍት በባግዳድ ሲተረጎሙ ስለ ፖለቲካ የጻፈው ግን ሳይተረጎም ቀረ። የዐረብ ፈላስፎች ስለ አገዛዝ የተማሩት በይበልጥ ከአፍላጦን ነበር፤ አፍላጦን ደግሞ መምህሩን ሶቅራጥስን በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት በሞት የቀጣውን የአቴና ፍርድ ያልረሳ፣ የሕዝብን አገዛዝ የሚጠራጠር ሰው ነው። በ950 ያረፈው አል ፋራቢ ሕዝብ የሚገዛባትን ከተማ «አል መዲና አል ጀማዒያ» ሲል ሰየማት፤ የጀማው፣ የብዙኃኑ ከተማ ማለት ነው። ከፍጹሟ ከተማ በታች አድርጎ ቢያስቀምጣትም ልዩ ልዩ ዓይነት ሰው በነጻነት ስለሚኖርባት ጥሩውም ክፉውም በውስጧ እንደሚበቅል አስተውሏል። በእስልምና ትምህርት «ሹራ»፣ ማለትም ገዢ ሰዎችን የማማከር ግዴታ፣ ጥንታዊና የተከበረ ነው። የክርክሩ እምብርት ያለው ታዲያ ገዢው ተማክሮ ሲያበቃ የተመከረውን የመፈጸም ግዴታ አለበትን በሚለው ላይ ነው። ማማከርና ፈቃድ መጠየቅ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ሸንጎ በአገር ቤት

ለዚህ ልዩነት ከአገር ቤት ታሪክ ምሳሌ አይጠፋም። በኤርትራ ደጋ የየመንደሩ ባይቶና የእንዳባ ሕግጋት፣ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በሕግና በጊዜ የተወሰነ መሆኑን ያስተማሩ ተቋማት ናቸው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ይተላለፋል። በቦረናም ጉሚ ጋዮ የተባለው ታላቅ ጉባኤ በየስምንት ዓመቱ ተሰብስቦ ሕግን ይመረምራል፤ ሹማምንትን እስከ መሻር የሚደርስ ሥልጣንም አለው። አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት ለዓለም ምሁራን አስተዋውቋል፤ ዩኔስኮም በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። እዚህም ቢሆን ሴቶች ከሹመቱ ውጭ ነበሩ።

በሌላ በኩል አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሸንጎ አለ። የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እስኪያወጣ ድረስ አይበተንም። ጉባኤው የሕዝብ ነው፤ ጥሪው ግን የሹም ነው። ሕዝቡ የሚመሰክረው ለተጠየቀው ብቻ ሲሆን እርሱ መልሶ ሊጠይቅ አይችልም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው አባባል የዚህን ዓለም ወሰን በአጭሩ ያመለክታል።

በጽሑፍ የተደነገገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1931 የወጣው በዚሁ መንፈስ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት አርአያ አድርገው ያረቀቁትን ይህን ሕግ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው «ሰጡ»። የመምሪያ ምክር ቤት አባሎችም ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በሹማምንቱ እንዲመረጡ ተደነገገ። የ1955ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕዝብ የመምረጥ መብት ሰጥቶ በ1957 ምርጫ ቢካሄድም፣ የፖለቲካ ፓርቲ አልተፈቀደም፤ ሥልጣኑም ከዙፋኑ አልወረደም። ሕዝቡ መምረጥን ተማረ፤ ሊሽር ግን አልቻለም።

የፈቃድ ትምህርት

በአውሮፓ ገዢ ያለ ሕግ ሰውን እንዳይዝ የሚከለክለው ሐሳብ በጽሑፍ የሰፈረው በ1215 በእንግሊዝ «ማግና ካርታ» ነው። ያ ውል በባላባቶችና በንጉሥ መካከል የተደረገ ነበርና ተራውን ሰው ያሰበው በጥቂቱ ነው። ሐሳቡን ወደ ሰው ሁሉ ያሰፋው ጆን ሎክ ሲሆን፣ በ1689 ባሳተመው ጽሑፉ ሕጋዊ መንግሥት የሚቆመው በተገዢዎቹ ፈቃድ ላይ ብቻ ነው አለ። ነገር ግን አንድ ችግር ገጠመው፤ አብዛኛው ሰው ፈቅጃለሁ ብሎ የፈረመበት ቀን የለምና። ሎክም በአንድ አገር ምድር ላይ የሚኖር፣ በመንገዱ እንኳ በነጻነት የሚሄድ ሰው በዝምታ ፈቅዷል ሲል መለሰ።

ዴቪድ ሂዩም በ1748 ይህን መልስ አጥብቆ ነቀፈው። የሌላ አገር ቋንቋና ልማድ የማያውቅ፣ በዕለት ደመወዙ የሚያድር ድሃ አገሩን ትቶ መሄድ እንደሚችል ተቆጥሮ መቅረቱ እንደ ፈቃድ ሊታይበት ይገባልን? እንዲህ ከሆነማ ተኝቶ ሳለ ወደ መርከብ የተጫነ ሰው፣ ወደ ባሕር ዘሎ እስካልሞተ ድረስ የመርከቡን አዛዥ ፈቅዶ ተቀብሏል ማለት ነው። የ1776ቱ የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ የሎክን ሐሳብ የመንግሥት መሠረት አድርጎ ሲያውጅም፣ በዚያው አገር ባሮች እስከ 1865 ድረስ ፈቃዳቸውን ማንም አልጠየቃቸውም። እንግዲህ የፈቃድ ትምህርት ብርታቱም ድክመቱም በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ዝምታን እንደ እሺታ የሚቆጥር መንግሥት ማንንም ሳይጠይቅ ሁሉም እንደፈቀደለት ሊናገር ይችላል።

ሐልፋ

የሂዩምን ምሳሌ በሱዳን ታሪክ የሚያስታውስ ነገር የደረሰው በወዲ ሐልፋ ነው። በኖቬምበር 17 ቀን 1958 ጄኔራል ኢብራሂም ዐቡድ ፓርላማውን ዘግተው ሥልጣን ያዙ። ከአንድ ዓመት በኋላ በኖቬምበር 8 ቀን 1959 ሱዳንና ግብፅ የዓባይን ውሃ የሚከፋፈሉበትን ስምምነት ፈረሙ። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተመደበ፤ ውሃው የሚመነጭባት ኢትዮጵያ በውይይቱ አልተጠራችም። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲሠራ የሚተኛው ሐይቅ የሱዳንን የኑብያ ምድር እንደሚያሰጥም የታወቀ ነበር። ግብፅ ለተነሺዎቹ ካሣ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ልትከፍል ተስማማች። ቤታቸው፣ የተምር ዛፋቸውና የአባቶቻቸው መቃብር በውሃ የሚዋጥባቸው ሃምሳ ሺህ ያህል ሰዎች ግን ውሉን የሰሙት ከተፈረመ በኋላ ነው።

መንግሥቱ ሕዝቡን ጨርሶ አልዘነጋውም፤ እንዲያውም የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከኑብያውያኑ መካከል ኮሚቴ ተቋቁሞ ለሰፈራ የታጩትን ቦታዎች እየዞረ እንዲያይ ተደረገ። ኮሚቴው ተመልክቶ፣ ተከራክሮ ምርጫውን አቀረበ። ኸሽም ኤል ቂርባን አልመረጠም። ከዓባይ የራቀች፣ ክረምቷ ዝናብና መብረቅ የሚበዛባት፣ ከዘመድ ወገን የተለየች አገር ነበረችና። በኦክቶበር 1960 መንግሥቱ የወሰነው ግን ለኸሽም ኤል ቂርባ ነበር።

የሐልፋ ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ። ውሳኔውን ሊያስረዱ የመጡት ሚኒስትሮች በተቃዋሚዎች ተከበቡ። ፖሊስ ሰልፈኛውን ለመበተን ኃይል ተጠቀመ። ቁጣው ወደ ካርቱምና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ ተማሪዎችም ተቀላቀሉት። በወታደራዊው መንግሥት ላይ ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ ሰፊ ሕዝባዊ ተቃውሞዎች አንዱ ይህ ነበር። ውሳኔው አልተለወጠም።

በጃንዋሪ 6 ቀን 1964 የመጀመሪያው ባቡር ተነሺዎችን ጭኖ ከወዲ ሐልፋ ተነሣ። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲሲቱ ሐልፋ ደረሰ። በወቅቱ የወዲ ሐልፋ አስተዳዳሪ የነበሩት ሐሰን ደፈአላህ ፍልሰቱን በኃላፊነት መርተው፣ የዚያን ሕዝብ ኀዘንና ሥርዓት በ1975 በታተመ መጽሐፋቸው ለትውልድ አቆይተውታል። ጥቂት ሰዎች ግን አንሄድም አሉ። ውሃው ሲጨምር ጎጇቸውን እያፈረሱ ወደ ከፍታው እየሸሹ ደጋግመው ሠሩ። ወዲ ሐልፋ የምትባል ከተማ ዛሬም በካርታ ላይ የምትገኘው በእነርሱ እምቢታ ነው። ሎክ ዝምታን እንደ ፈቃድ ቈጥሮት ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ግን ዝም አላሉም።

ሁለተኛው ያልተጠየቀ

በአዲሲቱ ሐልፋ ተነሺዎች ቁጥር የተሰጣቸው መንደሮች፣ የድንጋይና የሲሚንቶ ቤቶች፣ የጥጥ፣ የስንዴና የለውዝ ማሳዎች ተሰጧቸው። የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ በ1964 ተጠናቆ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ይሁንና ወንዙ ከደጋ ይዞት የሚወርደው ደለል በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ የማጠራቀሚያውን ግማሽ ያህል በላው፤ ቃል የተገባው ልማትም በዚያው መጠን አነሰ።

ዳሩ ግን ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም። የቡጣና ሜዳ የሹክሪያ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር። ቦዩና ማሳው ግመልና በግ የሚሰማራበትን ቦታ ቆረጠው። ለሹክሪያዎችም የእርሻ ይዞታ ቢደለደልላቸው፣ የተሰጣቸው የገበሬ ኑሮ ነው፤ አርብቶ አደርነታቸውን ያስጠበቀ አንድም አንቀጽ አልነበረም። በ1970 የወጣው ሕግ ያልተመዘገበን መሬት ሁሉ የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ የትውልድ የግጦሽ መብት ከወረቀት ውጭ ቀረ። እንግዲህ አንዱ ያልተጠየቀ ሕዝብ በሌላው ያልተጠየቀ ሕዝብ መሬት ላይ ሰፈረ። ከዚያ ወዲህ በማሳና በመንጋ የተነሡ ጠቦች ከሁለቱ ወገኖች ክፋት ይልቅ ከዚህ መነሻ ሊመረመሩ ይገባል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ በሌላ ስም ያውቁታል። በ1984ና በ1986 መካከል በድርቅ ከተመቱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ ወለጋና ወደ ጋምቤላ ተወስደው ሰፍረዋል፤ ብዙዎቹ ያለ ፈቃዳቸው ነበር። በዚያም የቆዩ ባለ አገሮች ነበሩ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት ለሚፈናቀል ሰው በአንቀጽ 44 ተመጣጣኝ ካሣን፣ ለሚነካውም ሕዝብ በአንቀጽ 92 አስተያየቱን የመስጠት መብትን አስፍሯል። ያለፈው በደል በሕግ ቋንቋ መታወቁ ታላቅ እርምጃ ነው። የአንቀጹ ዋጋ የሚለካው ግን ሕዝቡ «አይሆንም» ባለ ዕለት በሚደረገው ነገር ነው።

ድምፅና ሕግ

የሐልፋ ፍልሰት ሳያበቃ የዐቡድ መንግሥት ወደቀ። በኦክቶበር 21 ቀን 1964 በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ስለ ደቡቡ ጦርነት በተጠራ ውይይት ላይ ፖሊስ ተኩሶ አሕመድ አል ቁረሺን ገደለ። ሐኪሞች፣ ዳኞች፣ ጠበቆችና የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ በኖቬምበር 15 ጄኔራሉ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1965 በተደረገው ምርጫ ሴቶች ተሳተፉ፤ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂምም የመጀመሪያዋ የሱዳን ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። አቴና በዘመኗ ሁሉ ያላደረገችውን ካርቱም በአንድ ዓመት አደረገችው።

ሆኖም ያው ፓርላማ በዚያው ዓመት ኮሙኒስት ፓርቲን አግዶ በድምፅ የተመረጡ አባሎቹን አስወጣ። ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲፈርድ መንግሥቱ አልታዘዝም አለ፤ በ1967ም ዋና ዳኛው ባቢከር ዐወደላህ ሥራቸውን ለቀቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሜይ 25 ቀን 1969 ጃዕፈር ኒሜሪ በጦር ኃይል ሥልጣን ሲይዙ፣ ለፓርላማው የተከራከረለት ሰው ጥቂት ነበር። ብዙኃኑ የሕግን አጥር ራሳቸው ካፈረሱ በኋላ ጠመንጃ የያዘውን የሚያግድ አጥር አልተገኘም።

ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ጥያቄው ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ተመለሰ። በዲሴምበር 2018 በአትባራና በገዳሪፍ የተቀጣጠለው ሕዝባዊ ተቃውሞ ወደ ምሥራቁ ሁሉ በተዛመተ ጊዜ፣ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ የኸሽም ኤል ቂርባው መምህር አሕመድ አል ኸይር በጸጥታ ኃይሎች ተያዙ። በጥቂት ቀናት ውስጥም በእስር ሳሉ በድብደባ ሞቱ። ባለሥልጣኖች መጀመሪያ ሞቱ ከምግብ መመረዝ የመጣ ነው ቢሉም እውነቱ ተገለጠ። የመምህሩ ሞት በአገሩ ሁሉ የመምህራንንና የተማሪዎችን ቁጣ አቀጣጠለ። በኤፕሪል 11 ቀን ዑመር አል በሺር ከሥልጣን ወረዱ። በዲሴምበር 30 ቀን 2019 በኦምዱርማን የተሰየመው ፍርድ ቤት ከሃያ በላይ የጸጥታ ባልደረቦችን በመምህሩ ግድያ ጥፋተኛ ብሎ በሞት ቀጣ። ቅጣቱ አከራካሪ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የደኅንነት ሹም በተራ መምህር ደም በግልጽ ችሎት ሲጠየቅ፣ «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ዘመን ቢያንስ ለአንድ ቀን ተሽሯል።

ያ ተስፋ አልዘለቀም። በኦክቶበር 25 ቀን 2021 ወታደሮቹ የሽግግሩን መንግሥት ገለበጡ፤ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ደግሞ ሁለቱ የታጠቁ ኃይሎች እርስ በርሳቸው ጦርነት ከፈቱ። ከካርቱምና ከገዚራ የሸሹ ሰዎች ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ ጎረፉ። በዚህ ምድር ላይ ዛሬ በ1964 በግድብ የተነሡት ልጆችና የልጅ ልጆች፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ከዚያም በኖቬምበር 2020 ድንበር ተሻግረው የመጡ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን፣ አሁን ደግሞ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሱዳናውያን ጎን ለጎን ይኖራሉ። አብዛኞቹ የሚኖሩበትን ቦታ እንዲመርጡ አልተጠየቁም። ብዙዎቹም እንደ አርስጣጣሊስ፣ ያሉበትን አገር ሕግ እየጠበቁ በሕግ አውጪው ዘንድ ድምፅ የላቸውም።

የሕዝብ አስተዳደር ታሪክ ከዚህ አንጻር ሲታይ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዝ መስመር ሆኖ አይገኝም። በአቴና ድሃው ተጠየቀ፤ ሴቲቱ፣ ባሪያውና መጻተኛው ቀሩ። በሐልፋ ኮሚቴው ተጠየቀ፤ መልሱ ተጣለ። ሹክሪያዎች መሬታቸው ሲታረስ ባለ ይዞታ ሆኑ፤ ባለ ሐሳብ ሆነው ግን አልተቈጠሩም። በየዘመኑ የጉባኤው ክልል የሰፋው ውጭ የቀሩት በሩን ስላንኳኩ ነው። ከሥራ በኋላ በዕድር ሸንጎ ተቀምጦ ዳኛውን ሒሳብ የሚጠይቅ ስደተኛ፣ ስለ ውሃ ቧንቧ ተራ በመጠለያው ኮሚቴ ፊት የምትከራከር እናት ይህንኑ ጥበብ በትንሹ እየሠሩበት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የዚህን ምድር ካርታ፣ ቦይና የሰፈራ ቦታ የሚሥሉ ሰዎች መቀመጣቸው አይቀርም። ሕዝቡን ጠይቀናል ማለታቸው ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሐልፋው ኮሚቴ መልስ የደረሰበት ዕጣ አስቀድሞ ይመሰክራል።